ከመስታወቱ ወዲህ

ሐሙስ ምሽት ቴሌቪዥን፣ ቅዳሜ ጌዶ ላይ ምሳ። የእኔና የሌንጂሳ ፍቅር በእነዚህ ሁለት ቀናት ላይ የቆመ ነበር። እኔ አምቦ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ እሱ ባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ውስጥ በበቆሎ ዘር ላይ ይመራመራል። ወደ ባኮ ኢንተርኔቱ አለ ሲባል የለም፤ ስልኩም «ሄሎ፣ ይሰማል?» ተባብለን ሳንጨርስ ይቆረጣል። ዲሹ ግን ታማኝ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን በአማርኛ የተተረጎመውን አዲሱን የጠፈር ድራማ እናያለን። ቅዳሜ ደግሞ ሁለታችንም አባዱላ ተሳፍረን መንገዳችን እኩሌታ ላይ፣ ጌዶ፣ ጊፍቲ ምግብ ቤት እንገናኛለን። እዚያ የሚያውቀን ሰው የለም። ከአስር ሰዓት በኋላ መኪና ስለማይገኝ ገና ምሳው ሳይቀርብ ቅዳሜው እንዳያልቅብኝ መፍራት እጀምራለሁ።

እውነቱን ለመናገር ድራማውን መጀመሪያ ላይ ስቄበታለሁ። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ከዋክብትን አቋርጠው ሲደርሱ ፀጉራቸው እንኳ አይበላሽም። ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሕዝብ ወጥ መሥራት አቅቶት ምግቡን እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ እየጨመቀ ይበላል። ሌንጂሳን የሚያናድደው ሌላ ነው።

«በቆሎው!» ይላል እጁን እያወናጨፈ። «መርከቡ ውስጥ ያለው በቆሎ አንድ ቀን እንኳ ተምች አይገባበትም? እንዴት ያለ ውሸት ነው!»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጊፍቲ ጭቅጭቃችንን ስትሰማ ከጓዳ ብቅ ትልና «ዛሬስ ማን ሞተ?» ትለናለች። ድራማውን አይታው አታውቅም፤ ግን ከእኛ አፍ ሰምታ ጨርሳዋለች።

እየሳቅኩ የጀመርኩትን ድራማ እንዳልተወው ያደረገኝ መስታወቱ ነው። የመርከቡ አዛዥ ሴት ናት። ከሌላ ኮከብ ያነሱት አንድ ሰው አብሯቸው ይጓዛል። እሱ የሚተነፍሰው አየር እሷን ይገድላል፤ የእሷም እሱን። ስለዚህ በመካከላቸው ወፍራም መስታወት ቆሟል። በምግብ ሰዓት እሷ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ ወንበራቸውን ያስጠጉና ይበላሉ። አብረው ይበላሉ ማለት ይከብደኛል፤ ፊት ለፊት ይበላሉ።

«ጉርሻ የለማ!» አልኩት ሌንጂሳን አንድ ቅዳሜ። «ይህን ሁሉ ሳይንስ ይዘው ለጉርሻ የምትሆን ቀዳዳ መሥራት አቃታቸው።»

ሌንጂሳ አልሳቀም። «እኛስ?» አለኝ።

ጥያቄው ገብቶኛል። እኔ ጾም የማያልፋት የወይዘሮ ዓለሚቱ ልጅ ነኝ። እሱ የካቺሲ ገበሬና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የኦቦ ዲንሳ ልጅ ነው። በጾም ጊዜ ለእኛ ለሁለታችን መላ ያበጀችው ጊፍቲ ናት። አንድ ትሪ በያይነቱ ለሁለታችን ታቀርባለች፤ የእሱን ጥብስ በትንሽ ሳህን ከጎን ታስቀምጣለች። እሱ ከሁለቱም ይበላል። እኔን ሊያጎርሰኝ ሲፈልግ ግን ተነስቶ ይሄድና እጁን በሳሙና ታጥቦ ይመለሳል። ማንም አላስተማረውም። እኔ ከአንደበቱ ይልቅ ያቺን እጅ መታጠብ ነው የወደድኩት።

*

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤተሰቦቻችን አንድ ጊዜ አብረው ምሳ ቢበሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ዲንሳ ልጃቸው ከማን ጋር እንደሚውል ሰምተው ዝም ብለዋል። እሳቸው ካልፈቀዱ ሽማግሌ የሚልክ የለም፤ ሽማግሌ ካልመጣ ደግሞ አባቴ ስሙንም መስማት አይፈልግም። በእኛም ቤት በእነሱም ቤት ሳይሆን ምግብ ቤት ቢገናኙ ማንም እንግዳ፣ ማንም ባለቤት አይሆንም ብዬ አሰብኩ። እኔንና ሌንጂሳን ያፋቀረን እንዲህ ያለው ጠረጴዛ አይደል?

«ሽማግሌ በሆቴል ሲመጣ ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ አባቴ፣ አቶ ተሻለ። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሲያጉረመርም ነገሩን ተቀብሏል ማለት ነው። እናቴ ግን ነገሩን በእጇ ያዘች። አምቦ ውስጥ ደህና የሚባል ምግብ ቤት መርጣ፣ በዋዜማው ራሷ ሄዳ ምግቡን አዝዛ መጣች። የገና ጾም ላይ ነን። ለእኛ የጾም፣ ለእንግዶቹ ዶሮውም ጥብሱም አይቡም እንዲሠራ አዘዘች።

«ጾም ስለያዝኩ እንግዳዬ ሥጋ ሳይቀርብለት ይሂድ?» አለችኝ። በዚያ ምሽት ደስታዋ ከእኔ ይብስ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ሰብላቸውን አስገብተው እስከ ገና ባኮ ልጃቸው ጋ ለመክረም ወጥተው ነበርና ከካቺሲ ሲመጡ አምቦ ወረዱ፤ ሌንጂሳም ከባኮ መጥቶ ተቀበላቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንድ ቆርቆሮ ማር ይዘው ገቡ። «አካም ጅርቱ?» ብለው ሁላችንንም በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ማሩን ለእናቴ ሲሰጧት ፈገግ አሉ። እኔና ሌንጂሳ በደስታ ተያየን።

አስተናጋጁ ሁለት ጠረጴዛ አራርቆ አዘጋጅቷል። አንዱ ላይ ሥጋው፣ ሌላው ላይ በያይነቱ። ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ዘርግተው ሳሉ እናቴ አስተናጋጁን፣

«ያ የእነሱ ነው፣ ይሄ የእኛ ነው። አደራ፣ እንዳይነካካ። ለብቻ ለብቻ ይሁን» አለችው።

ውሃው እየፈሰሰ ነበር። ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ሄደ። ወደተሰጣቸው ጠረጴዛ ሄደው ተቀመጡ፣ እንጀራ ቆረሱ፣ የቆረሱትን መልሰው አስቀመጡት። ጮክ ብለው ይጸልያሉ ብዬ የጠበቅኳቸው ሰው ሳይጸልዩ ቀሩ። ከዚያ ተነሱ።

«ገለቶማ፣ እናመሰግናለን። መንገዳችን ሩቅ ነው» አሉ።

አባቴ ግራ ተጋብቶ ብድግ አለ። ሌንጂሳ አባቱን ተከትሎ ወጣና በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑ «ምን አደረግናችሁ?» ይላል። የእኔም ዓይን «ምን ሆናችሁ?» ይል ነበር መሰለኝ።

እናቴ ያልተነካውን ዶሮ ቆማ ታያለች። «ጨው በዝቶበት ይሆን እንዴ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ጾም ሆኖብኝ እኮ አልቀመስኩትም፣ ሚስጥርዬ። ጨው በዝቶበት ይሆን?»

ክንዷን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳት።

*

ሌንጂሳ በማግሥቱ ደወለ። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«አባቴ ለብቻ ካሉን ለብቻችን እንሁን አለ። ሽማግሌ አይሄድም አለ። ሚስጥር፣ በገዛ እናትሽ አፍ... ለምንድን ነው ከእኛ ጋር መብላት የተጸየፋችሁት?»

«ማን ተጸየፈ? ሌንጂሳ፣ ስማኝ፣ እናቴ እኮ...»

መስመሩ ተቆረጠ። ስልኩን ይዤ የሰማኝ ይመስል ብቻዬን አወራሁ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያቺ ማሽን «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለም። ያለኝንም ለእናቴ ለመንገር አልደፈርኩም። በቀጣዩ ቅዳሜ ጌዶ አልሄድኩም። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወደ ምዕራብ የሚሄዱትን አባዱላዎች ስቆጥር ዋልኩ፤ የሰው መድኃኒት አሳስቼ ልሰጥ ስል ባልደረባዬ ከእጄ ነጠቀችኝ። ሰው ናፍቆት ሲይዘው ይከሳል ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ላለመክፈት ቆርጬ ነበር። የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው። ሌንጂሳም ባኮ ሆኖ እያየው ይሆናል ብዬ ሳስብ ግን እጄ ሪሞቱ ላይ አረፈ። ሌላ የቀረን ነገር አልነበረማ። አባቴ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ከጎኔ ተቀመጠ። እናቴ ምስር ትለቅማለች።

ፍጻሜው አናደደኝ። አንድ ሊቅ ድንገት መድኃኒት ያገኛል፤ አዛዧ ወንበር አንስታ መስታወቱን ትሰባብረዋለች፤ ሙዚቃው ያገሳል፤ ይተቃቀፋሉ። አለቀ። ያን ሁሉ ሳምንት ያለቀስኩበት መስታወት በአንድ ወንበር!

«ውሸታሞች» አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ።

አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ማን ነው ያንን መስታወት ያቆመው?»

«እሷ ናት። እንዳይሞት አስባለት ነው።»

«ለእሱ ብላ መሆኑን ነግራዋለች?»

አሰብኩ። ድራማውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሐሳቤ መለስ ብዬ አየሁት። «አልነገረችውም» አልኩ።

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። «እንግዲያው ይሄ ምስኪን ይሄን ሁሉ ጊዜ የጠላችው መስሎታል» አለች ቀስ ብላ።

እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ቀረች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ በአንድ አፍታ ያረጀች መሰለችኝ።

«ያቺ ባለ ምግብ ቤት፣ የጌዶዋ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ስልኳ አለሽ?»

ለጊፍቲ ደወልንላት። የጌዶ ስልክ ወደ እኛም ወደ ባኮም ከሞላ ጎደል ይሠራል። ጊፍቲ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ቶሌ» አለች። «ቅዳሜ እዚህ እንዲመጡ እኔ እነግራቸዋለሁ። ስልክ እምቢ ቢል በሾፌር እልካለሁ። መምጣታቸውን ግን እኔ አላውቅም፣ እግዜር ያውቃል።»

*

ጌዶ በዚያ ቅዳሜ ጉም ለብሳ ነበር። አባቴ ሱቁ ቀርቶ የሄድነው እኔና እናቴ ነን። እናቴ በሕይወቷ ለጸሎትና ለለቅሶ እንጂ ለምሳ ከአምቦ ወጥታ አታውቅም። የኦቦ ዲንሳን የማር ቆርቆሮ ሳትከፍተው በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ከባኮ የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዱ መጣ፣ የሉም። ሌላው መጣ፣ የሉም። እናቴ «ይመጣሉ» ማለቱን ተወች።

ከዚያ ሌንጂሳን አየሁት። ከአባዱላው ወርዶ ወደ ኋላ ዞረና እጁን ዘረጋ። ያን እጅ ይዘው ኦቦ ዲንሳ ወረዱ።

ከሌንጂሳ ጋር ተያየን። ከስቷል። ኦቦ ዲንሳ ገቡ፣ ለሁላችንም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡና ከእኛ ጠረጴዛ አለፍ ብለው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሌንጂሳ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ቆሞ ቀረ። ወዴት ይሂድ?

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ልጆቹ እንዲህ በያቸው ብለውኝ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ከዚያ እንደ ፈቀዱ። እኔ ለብቻ ያልኩት የራሴን ጾም ፈርቼ ነው፤ ቅባቱ ወደ እኛ እንዳይነካ። እርስዎን ተጸይፌ ከሆነ ይህቺን ልጅ አያሳድግልኝ። ሥጋውን ያዘዝኩት ለክብርዎ ነበር። አልነገርኩዎትም። ያወቁልኝ መስሎኝ።»

ኦቦ ዲንሳ ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር ገፋ አደረጉላት።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ» አሉ።

ተቀመጠች።

«እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት» አሉ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን እየመረጡ ያወጡታል። «እናታችን ስትሞት ትንሽ ነበርኩ። እህቴ ናት ያጎረሰችኝ። ጎልምሼ ወንጌል የተቀበልኩ ጊዜ ግን ለእኔ ሳህን ለየች። ያንተ ለብቻ ነው አለችኝ። በዓል ነበር፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። እኔ ቀልድ አደርገዋለሁ ብዬ ጠቅልዬ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ። ፊቷን አዞረች። ሰው ሁሉ እያየ እጄ እንደ ተዘረጋ ቀረ።»

አሁንም እንደ ተዘረጋ ያለ ይመስል እጃቸውን አዩት።

«ሳንታረቅ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ሰው በቀር ማንንም አጉርሼ አላውቅም። የዚያን ቀን አምቦ ላይ፣ ለብቻ ሲሉ፣ እርስዎን አልሰማሁም። እሷን ነው የሰማሁት።»

ሌንጂሳ አባቱን አፍጥጦ ያያል፤ ይህን ታሪክ እሱም ሰምቶት አያውቅም ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ጨው የበዛበት መስሎኝ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት» አለች፣ ሳቅም ለቅሶም ባልሆነ ድምፅ።

«አልቀመስኩትም» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«እኔም አልቀመስኩትም።»

ኦቦ ዲንሳ አፋቸው ዳር ትንሽ ፈገግ አሉ። እናቴ ወደ ጓዳ ዞራ፣ «ጊፍቲ፣ እንደ ልጆቹ አድርጊልን» አለች። ጊፍቲ አንድ ሰፊ ትሪ በያይነቱ አመጣችና በእኛ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ እናቴም ወደዚያው ተመለሰች። በትንሽ ሳህን ጥብስ ከጎን ልታስቀምጥ ስትል ኦቦ ዲንሳ በእጃቸው ከለከሏት።

«እሱ ይቆይ» አሉ።

ተነስተው እጅ መታጠቢያው ጋ ሄዱ። ምንም አልነኩም ነበር፤ ግን ሳሙናውን አንስተው እንደ ልጃቸው አድርገው ታጠቡ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተነካው። ተመልሰው ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እንጀራ ቆረሱ፣ ከጎመኑም ከሽሮውም ጠቀለሉ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እኩል መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጊፍቲ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች በሩ ላይ ደርቃለች። እኔ እናቴን አየኋት። እናቴ ሰው ፊት ጎርሳ የማታውቅ፣ በሠርግ ላይ እንኳ አባቴ ሲያጎርሳት የምታፍር ሴት ናት። ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች፤ ጎንበስ አለችና ጎረሰች።

እያኘከች እንባዋ ወረደ። ውጣ ስትጨርስ ቀና ብላ፣

«ኦቦ ዲንሳ፣ ይድገሙኝ እንጂ!» አለች።

ሊደግሟት አልቻሉም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እናቴ ማሩን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ፣ «ሳይከፍቱልኝ አልቀምሰውም ብዬ ነው» አለቻቸው፤ እሳቸውም ከጋቢያቸው ውስጥ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሌንጂሳ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘኝ።

«የመጨረሻውን ክፍል አየሽው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ውሸት ነው» አልኩት። «መስታወቱ እንደዚያ አይሰበርም።»

ውጪ ሾፌሮቹ «አምቦ፣ አምቦ፣ የቀረ!» እያሉ ይጣራሉ። ኦቦ ዲንሳ ዓይናቸውን ጠርገው ሁለተኛውን ጉርሻ ለእናቴ መጠቅለል ጀመሩ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜው እንዳያልቅብኝ አልፈራሁም።